ቲማቲም በቺዝ፦ ለእንግዳ የትኛውን ሰላጣ ልሥራ?

ባለፈው ዓመት እንግዳ ጠርቼ ነበር። ከዋናው ምግብ በፊት የጣሊያኖቹን የቲማቲምና የቺዝ ሰላጣ አቀርባለሁ ብዬ ተነሳሁ። ቲማቲም፣ ቺዝ፣ ቅጠል፣ ዘይት፤ በቃ። ምን ይከብዳል? ቲማቲሙን ከፍሪጅ አወጣሁ። ቺዙን ከሱፐርማርኬት ገዛሁ፤ በላስቲክ ታሽጎ ጡብ የመሰለውን፣ ለፒዛ የሚሆነውን። ቆራርጬ በዝርግ ሳህን ላይ ደረደርኩት። ሲያዩት ያምራል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ከዚያ መብላት ተጀመረና ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ አንዷን ቁራጭ ስታኝክ፣ ስታኝክ ቆየችና «ልጄ፣ ሚጥሚጣ የለሽም?» አለችኝ።

አሠራሩን አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ምርጫውን ነው። ቤቴ የነበረው ቲማቲምና ቺዝ ለዚያ ሰላጣ የሚሆኑ አልነበሩም። ለሌላ ሰላጣ ግን ይሆኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አሁን አራቱን እያነጻጸርኩ ልንገራችሁ። የጣሊያኑ ካፕሬዜ፣ የግሪኩ ሆሪያቲኪ፣ የቡልጋሪያው ሾፕስካ፣ አራተኛው ደግሞ የእኛው የቲማቲም ሰላጣ በአይብ።

ስለ ስም አንድ ነገር። «አይብ» ስል ከአሬራ የሚወጣውን የእኛን ነጩን ማለቴ ነው። የውጭውን ቺዝ እለዋለሁ። አባቴ እስከ ዛሬ ፎርማጆ ነው የሚለው፤ እሱም ልክ ነው።

መጀመሪያ ቲማቲሙ

ሰው ሁሉ ከቺዙ ይጀምራል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የሚወስነው ግን ቲማቲሙ ነው።

ጉሊት ላይ በብዛት የምናገኘው ሞላላው ቲማቲም ነው። ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከአዋሽ ዳር በጭነት መኪና ይመጣል። ቆዳው ጠንከር፣ ሥጋው ወፈር፣ ውሃው አነስ ያለ ነው። መንገድ እንዲችል ተብሎ የተመረጠ ስለሆነ አይፈረድበትም። ለወጥና ለሱጎ ደግሞ ወደር የለውም። ጥሬውን ሲበሉት ግን አንዳንዱ ዝም ይላል። በተለይ ሳይቀላ ተለቅሞ ሳጥን ውስጥ የቀላ ከሆነ፣ መልኩ ቀይ ነው፣ ጣዕሙ ግን ገና አልደረሰም።

ስትገዙ አሽትቱት። ከግንዱ የተቆረጠበት ቦታ ላይ አፍንጫችሁን አስጠጉ። ደህና ቲማቲም እዚያ ጋ የቅጠሉን ሽታ ይሰጣችኋል። ባለጉሊቷ ትስቅባችኋለች፤ ትሳቅ። በእጃችሁም መዝኑት። እኩል ከሆኑ ሁለት ቲማቲሞች ከበድ ያለውን ያዙ።

ቤት ስትደርሱ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት። ይሄ የእናቶች አጉል ልማድ አይደለም። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቲማቲም በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሳምንት ሲቀመጥ መዓዛውን የሚሠሩት ጂኖች ሥራቸውን ይቀንሳሉ። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ብታሞቁትም የሄደው መዓዛ ሙሉ ለሙሉ አይመለስም። የእኔ እንግዶች የበሉት እንዲህ ያለውን ቲማቲም ነበር። ቲማቲሙ በጣም በስሎ ሊበላሽ ከሆነ ፍሪጅ ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ ግን ለወጥ እንጂ ለዚህ ሰላጣ አታስቡት።

አሁን ወደ ፈተናው። አንድ ቲማቲም ቁረጡ። ትንሽ ጨው ነስንሱና አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ቅመሱት። እጃችሁ ሳታስቡት ወደ ሁለተኛው ቁራጭ ከሄደ፣ ቲማቲሙ ብቻውን ይቆማል። ለስለስ ያለ፣ ጨው የሌለው ቺዝ ይበቃዋል። ካልሄደ ቲማቲሙ አጋዥ ይፈልጋል። ጨዋማ ቺዝ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ ይምጣለት። እኔ ቤት አሁን ሰላጣውን የምትመርጠው ያቺ ሁለተኛ ቁራጭ ናት።

ካፕሬዜ፦ ቀላል የሚመስለው

ስሙን ያገኘው ኔፕልስ ፊት ለፊት ካለችው ከካፕሪ ደሴት ነው። ቲማቲም፣ ሞዛሬላ፣ ባዚል፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው። ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፤ የጣሊያን ባንዲራ ሳህን ላይ ተዘርግቶ ማለት ነው። ከአራቱ በጣም የሚከብደው ይሄ ይመስለኛል። ምክንያቱ የሚደበቅበት ቦታ ስለሌለ ነው። ሽንኩርት የለ፣ አቼቶ የለ፣ ቃሪያ የለ። ቲማቲሙ ደካማ ከሆነ ወዲያው ይጋለጣል።

ሞዛሬላ የሚሠራው የረጋውን ወተት በፈላ ውሃ እያሹ፣ እንደ ሊጥ እየሳቡ ነው። ሲለሰልስ በእጅ ቆንጥረው ይበጥሱታል። ስሙም «መቁረጥ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። ታዋቂው ከውሃ ጎሽ ወተት የሚሠራው የካምፓኒያ ሞዛሬላ ነው። ከ1996 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተጠብቋል። ከላም ወተት የሚሠራው «ፊዮር ዲ ላቴ» ይባላል፤ የወተት አበባ እንደ ማለት። ለዚህ ሰላጣ ሁለቱም ይሆናሉ። የማይሆነው እኔ የገዛሁት ጡቡ ነው። እሱ እርጥበቱ የቀነሰው ምድጃ ውስጥ ፒዛውን በውሃ እንዳያጥለቀልቅ ነው። ጥሬውን ሲበሉት ማስቲካ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ውሃ ውስጥ የተቀመጠውን ክብ ፈልጉ። ካላገኛችሁ ካፕሬዜን ተዉትና ወደሚቀጥለው እለፉ። ቅር አይበላችሁ።

ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ቲማቲምና 250 ግራም ሞዛሬላ ይበቃል። ቺዙን ከማቅረባችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ከፍሪጅ አውጡት። ከውሃው አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቁት። ካልደረቀ ሳህኑ ላይ ነጭ ውሃ ይተኛል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። ቲማቲሙን የጣት ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡና ጨው ነስንሱበት። ቺዙን ደርቡ። የባዚሉን ቅጠል መጨረሻ ላይ በእጅ ቀደድ አድርጋችሁ ጣሉበት፤ ቢላ ያጠቁረዋል። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት።

ጥቁሩን፣ ወፍራሙን ጣፋጭ አቼቶ፣ ባልሳሚኮ የሚሉትን፣ ብዙ ምግብ ቤት ያፈሱበታል። ካፕሬዜን በነበረበት የሚሠሩት ሰዎች አይጨምሩትም። እኔም አልጨምርም። ደህና ቲማቲም አግኝቶ በአቼቶ መሸፈን፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ ላዩ ላይ ካፖርት መደረብ ነው።

«ባዚል ከሌለ በሶብላ አይሆንም?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን በሶብላ ጠንከር ያለ፣ ወደ ቅርንፉድ የሚያደላ ሽታ አለው። ሞክሬዋለሁ፤ ሰላጣው ሽሮ ሽሮ አለኝ። ሁለት ሦስት ትንንሽ ለጋ ቅጠል ቢሆን እንጂ ከዚያ በላይ አይመከርም።

ኪሳችሁ ደህና ከሆነ ቡራታ የሚባለውም አለ። ከደቡብ ጣሊያን፣ ከፑሊያ ነው የመጣው። ውጭው ሞዛሬላ፣ ውስጡ ክሬም ነው። ለእንግዳ ድንቅ ነው፤ ለየቀኑ ግን ይከብዳል።

ሆሪያቲኪ፦ የገጠሩ ሰላጣ

ቃሉ በግሪክኛ «የገጠር» ማለት ነው። ዓለም «የግሪክ ሰላጣ» የሚለው ይሄን ነው። በየምግብ ቤቱ ግን ቅጠል ሰላጣ ሞልተውበት ይመጣል። ግሪኮቹ ቅጠል አይከቱም። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ቀይ ሽንኩርት፣ አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ጥቁር የወይራ ፍሬ፣ ከላይ አንድ ወፍራም ቁራጭ ፌታ። ፌታው አይፈረፈርም፤ እንዳለ ይቀመጣል። እያንዳንዱ በልተኛ በሹካው እየቆረሰ ይበላል። ይሄ ነገር ደስ ይለኛል። መሶብ ላይ አይብ መሐል ሲቀመጥ እንደምናደርገው ነው።

ፌታ ጨው ውሃ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወር ይበስላል። ጨዋማና ኮምጠጥ ያለ ነው። ቢያንስ 70 በመቶው የበግ ወተት፣ የቀረው የፍየል መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በ2002 ለግሪክ ሰጠ። ዴንማርክና ጀርመን በላም ወተት እየሠሩ «ፌታ» ይሉት ስለነበር ተከራከሩ። በ2005 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ለግሪክ ፈረደ። ለእኛ ይህ የሚጠቅመን ዕቃ ስንመርጥ ነው። «ነጭ ቺዝ» ወይም «የሰላጣ ቺዝ» ተብሎ የተጻፈበት አብዛኛውን ጊዜ የላም ወተት ነው። ለስለስ ይላል፣ ኃይሉም ያንሳል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ለሰላጣ ግን አይከፋም።

እንደ እኔ ከሆነ ለሞላላው ቲማቲማችን የተፈጠረው ይሄ ሰላጣ ነው። ጨዋማው ቺዝ ዝም ያለውን ቲማቲም ያናግረዋል። ቲማቲሙን በትልልቁ ሸንሽኑት፤ መክተፍ አያስፈልግም። ኪያሩን ወፈር አድርጉት። ሽንኩርቱን በስሱ ከቆረጣችሁ በኋላ በጨው አሸት አሸት አድርጋችሁ እጠቡት፤ አፍ ውስጥ እንዳይከርም። ለአራት ሰው 200 ግራም ፌታ በቂ ነው። ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ። ቺዙና የወይራ ፍሬው ራሳቸው ጨው ናቸውና። ፌታው ከልክ በላይ ጨው ከሆነባችሁ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት።

ከላይ የሚነሰነሰው ደረቅ ኦሬጋኖ ነው። ኦሬጋኖ ከሌለ ጦስኝ አሹበት። በሶብላ በባዚል ቦታ አልሆንልኝ ብሎ፣ ጦስኝ ግን በኦሬጋኖ ቦታ ቁጭ ብሏል። የሽታቸው መነሻ ተቀራራቢ ነው። እንዲያውም የደጋው ጦስኝ ይበልጥብኛል፤ ግሪኮች አይስሙኝ።

ሾፕስካ፦ ለብዙ ሰው

ሾፕስካን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። የሆሪያቲኪ ታናሽ ወንድም በሉት። ባልካንቱሪስት የሚባለው የቡልጋሪያ መንግሥት የቱሪዝም ድርጅት ነው በሶሻሊዝሙ ዘመን፣ ለቱሪስት ብሎ ያስፋፋው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፤ እዚህም ባንዲራ አለ። ልዩነቱ ሁሉም ነገር በትንንሹ ይከተፋል፣ ነጩ ጨዋማ ቺዝ፣ ሲሬኔ የሚሉት፣ ተፈቅፍቆ እንደ በረዶ ከላይ ይፈስበታል። የፈረንጅ ቃሪያው እሳት ላይ ጠበስ ተደርጎ ቆዳው ቢላጥ ደግሞ ሌላ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? በማንኪያ ይበላል። ትንሽ ቺዝ ብዙ ሰላጣ ይሸፍናል። ሃያ ሰው ከጠራችሁ 200 ግራም ፌታ ለሃያ ሹካ አይደርስም፤ የተፈቀፈቀ ግን ለሁሉም ይዳረሳል። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች «ቡልጋሪት» እያላችሁ የምትገዙት ነጭ ቺዝ የዚሁ ዘር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም በየሰፈሩ ሱቅ በጨው ውሃ የተቀመጠ ነጭ ቺዝ አይጠፋም።

የእኛው ቲማቲም በአይብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም የማይጽፍለት ይሄ ነውና።

አይብ ከሌሎቹ በአሠራሩ ይለያል። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል። የቀረው አሬራ በዝግታ፣ ለስ ባለ እሳት ይሞቃል። ሲቋጠር አጓቱ ይጠለላል። ስለዚህ ሦስት ነገር ያዙ። ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣ አይብ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ጨውም የለውም። ኮምጠጥ ይላል። ፌታ ጨዋማና ስባም ነው፤ ሞዛሬላ ስባምና ለስላሳ ነው። አይብ ሁለቱንም አይደለም። «በፌታ ፋንታ አይብ» ብሎ የሚሠራ ሰው የሚያዝነው ለዚህ ነው። የጎደለውን ጨውና ስብ ከሌላ ቦታ ማምጣት አለባችሁ።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። አይቡን፣ 200 ግራም ገደማ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ ወንፊት ላይ አንድ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ብዙው ውሃ ነውና ካልተጠለለ ሰላጣውን ገንፎ ያደርገዋል። ከዚያ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ በሹካ ለወስ አደርገዋለሁ። ቲማቲሙን፣ ቀይ ሽንኩርቱንና ሁለት ቃሪያ እንደተለመደው እከትፋለሁ። ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። አስር ደቂቃ ይቀመጥ። ጨው የቲማቲሙን ውሃ ይስበውና ከሎሚው ጋር ተዋህዶ ስልስ ይሆናል። ሊበላ ሲል አይቡን ከላይ በማንኪያ ጣል ጣል አድርጉበት። እንዳታማስሉት! ከተማሰለ ሮዝ ይሆንና መልኩ ያስጠላል።

ዘይቱ የወይራ ቢሆን ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዋጋው እንደሚታወቀው ነው። የኑግ ዘይት ግን አትሞክሩ፤ ሽታው ሁሉንም ይውጠዋል። የሱፍ ዘይት ዝም ብሎ ይሠራል። እንግዲህ ወይራን እኛ ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው የምናውቀው። አይቡ የመጣው በወይራ ከታጠነ ቤት ከሆነ፣ ያ ጢስ ጢስ የሚል ጣዕም ከቲማቲም ጋር ሲገናኝ ከካፕሪ ምንም አይመጣም። አክስቴ የፈለገችው ሚጥሚጣም እዚህ ቦታውን ያገኛል፤ አይቡ ላይ በጣት ቆንጠር።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ካልፈላ ወተት የመጣ አይብ ብሩሴሎሲስን የመሰለ ከወተት የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አሬራው የሚሞቀው ለስ ባለ እሳት ስለሆነ ጀርሙን ይገድላል ብላችሁ አትመኑ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አቅም ያነሰው ሰው ካለ ከፈላ ወተት ቤት ሥሩ። ሁለት ሊትር ወተት አፍሉ፣ እሳቱን አጥፉና የሎሚ ጭማቂ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ሲቋጠር አጥሉት። 300 ግራም ገደማ ይወጣችኋል። ቅቤው ስላልወጣ ከአይብ ይልቅ ይለሰልሳል። ውጭ አገር ያላችሁ አይብ ስትናፍቁ እንዲህ እንደምታደርጉ አውቃለሁ፤ ግማሾቻችሁ በአሬራ ፋንታ ከሱቅ የተገዛ በተርሚልክ ትጠቀማላችሁ፤ እሱም ይሆናል። የውጭውንም ቺዝ ስትገዙ ለነፍሰ ጡር ከሆነ ከተፈላ ወይም ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት መሠራቱን ማሸጊያው ላይ እዩ።

እንግዲህ የቱን?

ቲማቲሙ ፈተናውን ካለፈና ውሃ ውስጥ ያለ ሞዛሬላ ካገኛችሁ፣ እንግዳውም አምስት ስድስት ሰው ከሆነ፣ ካፕሬዜ። ሁለቱ ካልተሟሉ አትድከሙ። ከአራቱ በጣም ውዱም እሱ ነው፤ ሲበላሽም ገንዘቡ ያንገበግባል።

ቲማቲሙ እንደነገሩ ከሆነ ሆሪያቲኪ። ቀድሞ ተቆርጦ መቀመጥ የሚችለውም እሱ ነው። አትክልቱን ቆራርጣችሁ አስቀምጡ፤ ጨው፣ ዘይትና ቺዝ እንግዳው ሲገባ። ካፕሬዜ ግን እንግዳው በር ላይ ሳለ ነው የሚቆረጠው። እናንተ ደግሞ ያን ሰዓት ወጥ እያማሰላችሁ ነው።

ሰው ከበዛ፣ ልደት ወይም ማኅበር ከሆነ፣ ሾፕስካ።

ቀጥሎ የሚመጣው ክትፎ ወይም ጥብስ ከሆነ ደግሞ አይብ። ክትፎ ከአይብ ጋር ድሮም ይተዋወቃሉ። ዶሮ ወጥ ለሚበላ ሰው ካፕሬዜ ማቅረብ ግን አልገባኝም። የባዚሉን ስሱ ሽታ በርበሬው ከሩቁ ያባርረዋል። ከፓስታ ወይም ከላዛኛ በፊት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ረቡዕና ዓርብ ከሆነ፣ ጾም ላይ ከሆንን፣ አራቱም አይሆኑም። እንግዳችሁን ሳትጠይቁ ቺዝ አትነስንሱ። በዚያ ቀን አቮካዶ ክተቱበት። ስቡን እሱ ይሰጣል፣ ጨውና ሎሚውን እናንተ ጨምሩ።

ሳህኑ ላይ የሚቀረውን ነገር አትድፉ። የቲማቲሙ ውሃ፣ ዘይቱ፣ የቺዙ ፍርፋሪ አንድ ላይ የተኛበት። ጣሊያኖች በዳቦ ቁራሽ ይጠርጉታል፤ «ትንሿ ጫማ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ግሪኮችም ዳቦ ይነክሩበታል። ባለፈው ወር ሆሪያቲኪ ሠርቼ አክስቴን ጠራኋት። በልታ ስትጨርስ ዙሪያውን አየች። ከመሶቡ ግማሽ እንጀራ አነሳች፣ ቆራርሳ ሳህኑ ውስጥ ጣለችው፣ አንድ ቃሪያ ጨመረችበትና አሸት አሸት አድርጋ ፍትፍት አደረገችው። ሚጥሚጣም አልጠየቀችኝም።